«ፖዘቲቭ» ከተባለ በኋላ

ብዙ ሰው ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት የሚያውቀው ታሞ ሳይሆን ለሌላ ጉዳይ ሲመረመር ነው፦ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ፣ ደም ለመለገስ፣ ለእርግዝና ክትትል። ሰውዬው ደህና ነው፤ ወረቀቱ ግን «ፖዘቲቭ» ይላል። ያን ቀን የሞት ፍርድ የተፈረደበት የሚመስለው ብዙ ነው። ወረቀቱ ግን ያን አላለም።

ቫይረሱ በደም ውስጥ መገኘቱና ጉበት መጎዳቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአብዛኛው ጉበትን የሚያስቆጣው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን፣ የሰውነት መከላከያ በቫይረሱ የተያዙትን ሕዋሳት ሲያጠቃ የሚነሳው ብግነት ነው። ብግነቱ ለዓመታት ሲመላለስ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ሲበዛ ሲሮሲስ ይሆናል። ይህ ሁሉ ያለ ምንም ስሜት ሊሄድ ስለሚችል፣ ዐይኑ ቢጫ እስኪሆን ወይም ሆዱ ውኃ እስኪቋጥር የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።

በስንት ዓመት ዕድሜ መያዝ ትልቅ ልዩነት አለው። በወሊድ ጊዜ ከእናታቸው ከሚይዛቸው 10 ሕፃናት በ9ኙ ላይ ቫይረሱ ሥር ይሰድዳል፤ በአዋቂነታቸው ከሚያዙት ግን ከ100 ከ5 በታች በሆኑት ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ «የወፍ በሽታ» የሚባለው የጉበት በሽታ ይዞት ቅጠል ጠጥቶ የዳነ አዋቂ፣ ሳይጠጣም ይድን የነበረበት ዕድል ሰፊ ነው። አንዳንዱ ቅጠል ደግሞ ቀድሞውኑ የተቆጣውን ጉበት ይጎዳል።

ምርመራው ከ6 ወር በላይ ፖዘቲቭ ሆኖ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ የሚያጣራው ሦስት ነገር ነው፦ ኤ ኤል ቲ በተባለው የደም ምርመራ ብግነት መኖሩን፣ በቫይራል ሎድ የቫይረሱን መጠን፣ በአልትራሳውንድ ወይም ፋይብሮስካን በተባለው መሣሪያ ጠባሳውን። ፋይብሮስካን በሌለበት በደም ምርመራ ውጤቶች ተሰልቶ የሚገመትበት መንገድ አለ። ኤች አይ ቪም አብሮ ይታያል፤ ቴኖፎቪር ለሁለቱም የሚሰጥ መድኃኒት ስለሆነ፣ ኤች አይ ቪ ላለበት ሰው ለብቻው ከተሰጠ የኤች አይ ቪ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል።

ሁሉም መድኃኒት አይጀምርም። ጠባሳ ያለበት፣ ወይም ቫይረሱ በርክቶ ጉበቱ የተቆጣ ሰው ይጀምራል፤ ሌላው በአብዛኛው በየጊዜው ይታያል። ቴኖፎቪር በቀን አንድ ፍሬ ነው፤ ቫይረሱን ያፍናል እንጂ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አያጠፋውም፤ ኩላሊትም አብሮ ይታያል። «ተሽሎኛል» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ በጣም ያሰጋኛል፤ ቫይረሱ አገርሽቶ ጉበትን በድንገት ሊያደክም ይችላል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ደግሞ ካንሰር በጊዜ እንዲገኝ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይነሣል።

በየቤቱ ሳህንና ብርጭቆ የሚለይበት ሰው ያሳዝነኛል። ቫይረሱ በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በመጨባበጥና በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ነው፤ መለየት ያለበት ምላጩና መርፌው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረችው ክትባት ከ6ኛው ሳምንት የሚሰጥ በመሆኑ፣ በወሊድ ጊዜ ለሚያዘው ሕፃን ይዘገያል፤ እሱን የሚጠብቀው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ነው። የትዳር ጓደኛና ልጆች ይመርመሩ፤ ነፃ የሆነው ይከተብ።