አደገኛ ኬሚካሎችና የሠራተኛው የማወቅ መብት

ሠራተኛ በእጁ የሚነካውንና የሚተነፍሰውን ነገር ምንነት የማወቅ መብት ያለው መሆኑ ዛሬ በብዙ አገሮች ሕግ ተደንግጓል። ይሁን እንጂ መብቱ በሕግ መጻፉ ብቻውን ከጉዳት አያድነውም። የተሰጠውን መረጃ አንብቦ መረዳትና በሥራ ላይ ማዋል መቻል ይኖርበታል። ጉዳዩ የትምህርት ባለሙያውንም የሚመለከተው በዚህ ምክንያት ነው።

መረጃ ለሠራተኛው ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚከተል በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ላትሮፕ በተባለው ቦታ የደረሰው ጉዳት ያስረዳል። በዚያ በሚገኝ ፋብሪካ ዲቢሲፒ የተባለውን፣ የተክል ሥር የሚያጠቁ ትሎችን ማጥፊያ መድኃኒት ያዘጋጁ የነበሩ ሠራተኞች ልጅ መውለድ አለመቻላቸውን እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ልብ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 በሐኪም ሲመረመሩ የብዙዎቹ የዘር ሕዋስ እጅግ አንሶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ተገኘ። መድኃኒቱ የአይጦችን የዘር ፍሬ እንደሚጎዳ ግን በ1961 በሳይንሳዊ መጽሔት ታትሞ ነበር። ዕውቀቱ ነበረ፤ ሠራተኛው ዘንድ ግን አልደረሰም።

እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ያወጣው ደንብ ይህን ጉድለት ለማረም የታሰበ ነበር። በደንቡ መሠረት፦

1ኛ/ በኬሚካሉ መያዣ ላይ ስሙና የሚያስከትለው አደጋ ተጽፎ ይለጠፋል፤
2ኛ/ ዝርዝር የደኅንነት መግለጫ ሠራተኛው በሥራ ሰዓት በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጣል፤
3ኛ/ አሠሪው ለሠራተኛው ሥልጠና ይሰጣል።

በ1990 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 170 ደግሞ መረጃ የማግኘት መብትን ከማረጋገጡም በላይ፣ ሠራተኛው ከባድና የማይቀር አደጋ መኖሩን በበቂ ምክንያት ሲያምን ከቦታው የመራቅ መብት እንዳለው ደነገገ። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ ሥራቸው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስገነዝብ ያስገድዳል።

ከእነዚህ ግዴታዎች ሁሉ ሥልጠናው ቸል ከተባለ ሌሎቹ ፍሬ አይሰጡም። ጽሑፉ ሠራተኛው በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ፀረ ተባይ መድኃኒት ወደ ውኃ ጠርሙስ ሲገለበጥም ማስጠንቀቂያው በቀድሞው ዕቃ ላይ ይቀራል። በ2003 በተባበሩት መንግሥታት የታተመው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ዘጠኝ የሥዕል ምልክቶችን ቢያስተዋውቅም ሥዕልም ትምህርት ይሻል። የእሳት ነበልባሉን ማንም ይረዳዋል። በሰው ደረት ላይ የተሣለው ኮከብ መሰል ምልክት ግን ካንሰርንና መካንነትን የመሳሰሉ ውለው አድረው የሚገለጹ ጉዳቶችን እንደሚያመለክት ያልተማረ ሰው ሊገምት አይችልም። በላትሮፕ የደረሰውም ጉዳት ከዚሁ ወገን ነው።

ስለዚህ የኬሚስትሪ መምህር ከሙከራው አስቀድሞ ተማሪዎቹ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው፣ ይዘቱ ምን እንደሆነ፣ በምን መንገድ ወደ ሰውነት እንደሚገባ፣ ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገውና ቢፈስ ምን እንደሚደረግ እንዲመልሱ ማድረግ ይገባዋል። የሙያ ማሠልጠኛ ዕቅድ አውጪዎችም ይህንኑ ልምምድ በእያንዳንዱ የሙያ ዘርፍ መርሐ ትምህርት ውስጥ ሊያካትቱት ይገባል። ከትምህርት ቤት መጠየቅን ለምዶ የወጣ ወጣት በሥራ ቦታም መብቱን ለመጠየቅ አይቸገርም።