በጣና ዳር የተነደፈች ከተማ

ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት ደጃፍ የምትገኘው ባሕር ዳር፣ ገና ከመንደርነት ብዙም ሳትርቅ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ በ1960ዎቹ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ ማክስ ጉተር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የወደፊት መልኳን ነደፈላት። የንድፉ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ በመንገዱ ይገለጻል፤ ሕንጻ ሲያረጅ ፈርሶ ይታደሳል፣ መንገድ ግን አንድ ጊዜ ከጠበበ ማስፋቱ የብዙ ሰው ቤት ማፍረስንና የካሣ ዕዳ መሸከምን ይጠይቃልና። ዛሬ ዘንባባ የሚያጠላቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ያን ጊዜ ለአንዳንዱ የቅንጦት ሥራ መስለውት ይሆናል፤ የከተማዪቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና በዚያው አቆጣጠር በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ሕዝቡን ስበው ከተማዪቱ እየሰፋች በሄደች ጊዜ ግን የመንገዱ ስፋት አስቀድሞ ታስቦበት ነበር።

ይህ ለትናንሽ ከተሞቻችን ትምህርት ነው፤ ገንዘባቸው ጥቂት ነውና ሁሉን በአንድ ጊዜ ይፈጽሙ ዘንድ አይቻላቸውም። በእኔ ግምት ሊቀድም የሚገባው፣ ከጠፋ በኋላ የማይመለሰውን መጠበቅ ነው፦ የመንገድን ስፋት፣ የጎርፍ መውረጃን፣ የውኃ ምንጭን፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ዳርቻን። በዚህ በመጨረሻው ባሕር ዳር ራሷ ፍጽምት አይደለችም፤ ከሐይቁ ዳር ጥቂት የማይባለው ቦታ በሆቴልና በአጥር ተከልሏል። (ሐውልትና አደባባይ የሚያስቀድም ከንቲባ፣ መቼም፣ የምረቃው ዕለት ያምርለታል።) የከተማ ምክር ቤት አባላት ሆይ፣ በጀቱን ከማጽደቃችሁ አስቀድሞ የጎርፉን መውረጃ በካርታ ለዩ፤ ማንም እንዳይሠራበትም በሕግ ከልሉት።