የማይሳሳት ቺፕ የሚሠሩት እነማን ናቸው? መንገዱ ከዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ወረቀት ይጀምራል

ኪርያት ማታሎንን የማያውቅ የፔታህ ቲክቫ ሰው የለም። ሃሲቪም በሚባለው መንገድና በአካባቢው ባሉት ሕንጻዎች ከእኛ መካከል ብዙዎች ወለል ወልውለዋል፣ በር ጠብቀዋል። ፎቁ ላይ ምን እንደሚሠራ ብንጠየቅ ግን «የኮምፒውተር ሥራ ነው» ከማለት አናልፍም። ዛሬ ከዚያ ሥራ አንዱን ልናስተዋውቃችሁ ፈለግን። ልጆቻችን ወደዚያ ፎቅ የሚወጡበት መንገድ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው ወላጅ ልብ ሳይለው በሚያልፍ አንድ ወረቀት ነውና።

ሥራው ቺፕ መንደፍ ነው፤ በተለይ ሙቀት፣ ብርድ፣ መንቀጥቀጥና ጨረር የማይበግሩትን ቺፕ። ቺፕ ከጥፍር እምብዛም የማይበልጥ የሲሊከን ቁራጭ ሲሆን በሚሊዮንና በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉበት። የስልካችን ቺፕ ቢደናገር አጥፍተን እናበራዋለን። አባታችን ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ያለው ኮጼቭ ሌቭ ቢደናገርስ? የመኪና ፍሬን፣ ሰማይ ላይ ያለ ሳተላይትስ?

ከሙቀት እንጀምር። ለተራ የቤት ዕቃ የሚሆን ቺፕ በተለምዶ ከ0 እስከ 70 ዲግሪ እንዲሠራ ይጠበቃል። ለፋብሪካ የሚሆነው ከዜሮ በታች 40 እስከ 85 ዲግሪ ይችላል። ለመኪና የሚሆነው ደግሞ እስከ 125 ዲግሪ መቻል ይኖርበታል። በኪርያት ማታሎን ለብዙ ዓመታት የቆየው ኢሲአይ ቴሌኮም የሚሠራቸው የመገናኛ መሣሪያዎችም ሌሊትና ቀን፣ ዓመት እስከ ዓመት ሳይጠፉ መሥራት ያለባቸው ናቸው። ድርጅቱ በ1961 ተመሥርቶ በ2020 ሪቦን ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተቀላቅሏል።

እዚህ ላይ ለገዢዎች አንድ ነገር እንበል። አፕል አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቦታ ተጠቀሙበት ይላል። በነሐሴ ፀሐይ የቆመ ዝግ መኪና ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ሕፃን በመኪና ውስጥ እንዳይረሳ የሚያስጠነቅቀውን መሣሪያ ወይም የመኪና ካሜራ ስትገዙ፣ ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት ካርቶኑ ላይ «ቴምፐራቱራት ሃፍዓላ» የሚለውን ፈልጉ። ቁጥሩ ከሌለ ሻጩን ጠይቁት። የሕፃን ነፍስ የሚጠብቅ ዕቃ በሙቀት የሚጠፋ ከሆነ ባይገዛ ይሻላል።

ሌላው ጠላት በዓይን አይታይም። በ1978 የኢንቴል ባለሙያዎች የማስታወሻ ቺፖች ለምን በየጊዜው እንደሚሳሳቱ ደረሱበት። ጥፋቱ የቺፑ ሳይሆን የታሸገበት የሸክላ ማቀፊያ ነበር። በማቀፊያው ውስጥ የነበረው እጅግ ጥቂት ጨረር አመንጪ ነገር አንዱን ዜሮ ወደ አንድ ይገለብጠው ነበር። ከሕዋ የሚመጣ ጨረርም እንዲሁ ያደርጋል። በ2003 በቤልጅየም ስካርቤክ በተባለ ቦታ በተካሄደ ምርጫ፣ ኮምፒውተሩ ለአንድ ተወዳዳሪ 4,096 ትርፍ ድምፅ ቆጠረ። ባለሙያዎች ሶፍትዌሩን ቢመረምሩ ስህተት አጡበት፤ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ አንድ ዜሮ ወደ አንድ ተገልብጦ ይሆናል አሉ። 4,096 ደግሞ አንዲት እንዲህ ያለች ቦታ ስትገለበጥ የምትጨምረው ቁጥር ነው።

ታዲያ ንድፍ አውጪዎቹ ምን ያደርጋሉ? አንዱን ስሌት ለሦስት ክፍሎች ይሰጡና ሁለቱ የተስማሙበትን ይቀበላሉ። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ አንድ ሽማግሌ ብቻ ልከን አናውቅም። ችግሩ ሦስት ማድረግ ቦታ ይፈጃል፣ ኃይል ይበላል፣ ገንዘብ ይጨምራል። ከእኛ ብዙም በማትርቀው በየሁድ የተሠራችው በሬሺት የተባለችው መንኮራኩር ገንዘብና ክብደት ለመቆጠብ ብዙ መጠባበቂያ አልተጫነባትም ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን 2019 ወደ ጨረቃ ስትወርድ አንድ የእንቅስቃሴ መለኪያዋ ተቋረጠ። እሱን ለማስነሳት የተላከው ትእዛዝ ችግር ላይ ችግር ወልዶ ዋናው ሞተር ጠፋ፤ ጨረቃ ላይም ተከሰከሰች። ያን ምሽት በየቤታችን በቴሌቪዥን ያየነው ነው።

እንዲህ ያለውን ብልሽት አስቀድሞ የሚፈልግ ሙያ አለ፤ በሥራ ማስታወቂያ ላይ «ቬሪፊካጽያ» ይባላል። ቺፑ ወደ ፋብሪካ ከመሄዱ በፊት ሠራተኛው በኮምፒውተር ላይ ያስቸግረዋል፦ ይህን ሁለት ጊዜ ብልከው፣ ይህን ባቋርጥበት፣ ይህን ዜሮ ብገለብጠው ምን ይሆናል? ከንድፉ ይልቅ ፍተሻው ብዙ ጊዜና ብዙ ሰው ይፈልጋል። በ1994 ኢንቴል በፔንቲየም ቺፑ ላይ በተገኘች አንዲት የማካፈል ስህተት 475 ሚሊዮን ዶላር ከስሯል። ተጠራጣሪና ጠያቂ ልጅ ያላችሁ፣ በጥያቄው የሰለቻችሁ ወላጆች፣ ይህ ሙያ የእሱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ ችሎታቸው ይመደባሉ፤ በአሥረኛ ክፍል በሦስት፣ በአራት ወይም በአምስት የሂዶት ይለያሉ። ለኤሌክትሮኒክስ ምህንድስና በብዛት የሚፈለገው አምስት የሂዶት ሒሳብ ነው፤ ፊዚክስም ቢጨመርበት መልካም ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለአምስት የሂዶት ሒሳብ እስከ 35 ነጥብ ጉርሻ ስለሚሰጡ፣ በአምስት የተገኘ 75 በሦስት ከተገኘ 95 ሊበልጥ ይችላል። ይህን ሳናውቅ «ልጁ እንዳይጨነቅ» ብለን ወደ ሦስት መውረዱን ስንቶቻችን ተስማምተናል! ከሦስት ወደ አምስት መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ከሠራዊት በኋላ በመኺና አንድ ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል።

ዲግሪው አራት ዓመት ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ የራሱ የቺፕ ንድፍ ላቦራቶሪዎች አሉት። ዲግሪ የማይሆንለት የኤሌክትሮኒክስ ሃንዳሳይ ተምሮ በላቦራቶሪ ፍተሻ መሥራት ይችላል። በማኅበረሰባችን ልጆች የተቋቋመው ቴክ ካሪየርም ከሠራዊት ለወጡ ወጣቶች የሶፍትዌር ሙያ ያስተምራል። ለክፍያው ሚንሃል ሃስቱደንቲም ለኢትዮጵያ ተወላጆች እርዳታ ስላለው፣ መስፈርቱን ከመመዝገብ በፊት ጠይቁ።

ትምህርት ቤቱ «ልጁ ይውረድ» ሲል ወዲያው አትፈርሙ። የሒሳብ አስተባባሪውን (ራካዝ ማቴማቲካን) በአካል አግኙ፤ ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ልጁ የወደቀው በየትኛው ምዕራፍ ነው? ትምህርት ቤቱ ስንት ሰዓት ተጨማሪ እገዛ ይሰጣል? እስከ መቼ ድረስ እንደገና መፈተን ይችላል? መልሱን ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት።