ከግብ አግቢነት ወደ አሰልጣኝነት

በወረታ የምትማሩ፥ በዚያም በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢያን ሆይ፤ የፎገራ ገበሬ ልጁን እርፍ ሲያስጨብጥ አይታችሁ ይሆናል። ርብና ጉማራ ደለል በሚያለብሱት በዚያ ሰፊ ሜዳ የልጁ ትልም ሲጣመም፥ አባት ከዳር ቆሞ ያርማል እንጂ እርፉን አይነጥቅም። ስመ ጥሩው የእግር ኳስ ተጫዋች አቶ መንግሥቱ ወርቁም ይህን ፈተና ቀምሰውታል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተጋጠመች። በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ሆኑና ጭማሪ ተሰጠ። ኢታሎ ቫሳሎ 3ኛውን ግብ አስቆጠሩ፤ 4ኛውን የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ አገቡና ዋንጫው በአገራችን ቀረ።

ከ20 ዓመት በኋላ፥ በ1974 ዓ.ም.፥ አቶ መንግሥቱ የብሔራዊው ቡድን አሰልጣኝ ሆነው ለዚያው ዋንጫ ወደ ሊቢያ ዘመቱ። ቡድናቸው በናይጄሪያ 3 ለ 0፥ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያየ። የዚያ ሁሉ ግብ ባለቤት ያሠለጠኑት ቡድን አንድም ግብ ሳያገባ ተመለሰ!

ታዲያ አሰልጣኙ ሰነፉ ማለት ነውን? ለመፍረድ አትቸኩሉ። ያችው አልጄሪያ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፥ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረትታለች። እንዲህ ካለው ቡድን ጋር ተጋጥሞ ግብ አለማስገባት ራሱ የሥልጠና ፍሬ ነው።

ነገ እናንተም መምህር ወይም የክፍል ኃላፊ ስትሆኑ ሥራችሁ በሌላ ሰው እጅ ይሠራል። በዚያን ጊዜ እርፉን ለመንጠቅ ከመቸኮል በፊት፥ ልጁ ያረሰው መሬት ምን ያህል ጠንካራ እንደ ነበር ጠይቁ።