የተጣመሩ የእንግሊዝኛ ቃላትና የአይሻ ተማሪ

ለአይሻ ባቡር እንግዳ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የጅቡቲ ሐዲድ በዚያ አልፏል፤ የዛሬው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያው ያልፋል። የባቡር ቋንቋ በመጀመሪያ ፈረንሳይኛ ነበር፤ የአዲስ አበባው «ለገሃር» የተገኘው ከዚሁ ነው። ዛሬ ግን ተማሪውም ሆነ ወጣቱ ሹም የሚፈተንበት እንግሊዝኛ ነው፤ ይኸውም ሁለት ቃል አጋጥሞ አንድ ማድረግ የሚወድ ቋንቋ ነው።

የጣቢያ ሹም የሚባልበትን «ስቴሽንማስተር» እንውሰድ። ብዙዎቻችን ከፊቱ «እ» ጨምረን «እስቴሽንማስተር» ስንል አምስት ቀለም ይሆናል፤ እንግሊዙ ግን ስቴ፥ ሽን፥ ማስ፥ ተር ብሎ በአራት ይጨርሰዋል። በመስመር መጨረሻ ላይ ቃሉን መክፈል ቢያስፈልግ፥ ከመጋጠሚያው፥ ማለት ከ«ስቴሽን» በኋላ መክፈል ይሻላል። ይህ ቀላሉ ነው።

ጭንቁ ግን የድምፁ ጉልበት የት ይረፍ የሚለው ነው። «ብላክቦርድ» ሲባል «ብላክ» ላይ ከበረታ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ነው፤ «ቦርድ» ላይ ከበረታ ግን ጥቁር የሆነ ማናቸውም ጣውላ ነው። «ግሪንሃውስ»ም እንደዚሁ፤ በፊተኛው ከበረታ አትክልት የሚያድግበት የመስተዋት ቤት፥ በኋለኛው ከበረታ አረንጓዴ የተቀባ ቤት ይሆናል። ፊደሉን ሳይስት የተናገረ ሰው ነገሩ ሲጣመምበት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አማርኛችን ትርጉም የሚለየው በማጥበቅና በማላላት ስለ ሆነ («አለ» የሚለውን ልብ ይሏል)፥ ጆሯችን ለዚህ ብዙ አልሠለጠነም። የሶማሌ ልጅ ግን በዚህ ይበልጠናል። «ኢናን» ሲል ድምፁን በፊተኛው ቀለም ከፍ ካደረገ ወንድ ልጅ፥ በኋለኛው ካደረገ ሴት ልጅ ማለቱ ነው። በሶማሊያ በ1965 ዓ.ም. የጸደቀው የላቲን አጻጻፍ ይህን አያመለክትም፤ ልጁ ግን ከእናቱ ሰምቶ ያውቀዋል። እንግሊዝኛም ጉልበቱን በጽሕፈት አያሳይም። እንግዲህ አስተማሪው ሶማሊኛውን ከክፍል ከማስወጣት ይልቅ ከ«ብላክቦርድ» በፊት «ኢናን»ን ቢያስጠራ ምን ይጎዳል?

ደንቡ ግን ወጥ አይደለም። «ኦክስፎርድ ስትሪት» ሲሉ ጉልበቱ በ«ኦክስፎርድ» ላይ ነው፤ «ኦክስፎርድ ሮድ» ሲሉ ግን ወደ «ሮድ» ይሄዳል። ሁለቱም መንገድ ናቸው! ለዚህ ሶማሊኛውም አማርኛውም አያግዝም፤ በቃል መያዝ ብቻ ነው።