ስለ ከብት የውስጥ ጥገኞች ስያሜ

ትል የሚለው ቃል በአማርኛ እጅግ ሰፊ ነው። ጎመን የሚበላውም፣ በሰነበተ ሥጋ ላይ የሚርመሰመሰውም፣ በከብት አንጀት ውስጥ የሚኖረውም ሁሉ ትል ይባላል። ለዕለት ንግግር ይህ ስፋት ጉዳት የለበትም። ቃሉ በመድኃኒት ዕቃ፣ በእንስሳት ጤና መመሪያ ወይም በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ሲሰፍር ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ለትል» ተብሎ የተሰጠ መድኃኒት አንዱን ትል ገድሎ ሌላውን ሳይነካ ሊቀር ይችላል፤ ባለ ከብቱም ላሚቱን አሳክሜአለሁ ብሎ ሲጠብቅ፣ እርሷ እየከሳች ትሄዳለች፤ ወተቷም ይነጥፋል። ስለዚህ በሐሩር አገሮች በከብት ውስጥ ከሚኖሩት ጥገኞች ዋና ዋናዎቹን ወስደን፣ ስማቸው የቱ ጋ እንደሚበቃና የቱ ጋ እንደሚያሳስት እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ስለ ጠቅላላው ስም ጥቂት እንበል። «ጥገኛ» ተጠጋ ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ፣ ሌላውን ተጠግቶ የሚኖር ማለት ነው፤ ፍቺው ያለ አስተርጓሚ ይገባል። «ተውሳክ» ግን ወሰከ፣ ማለት ጨመረ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው። በሰዋስው ተውሳከ ግሥ የምንለው ግሡን የሚያግዘውን ጭማሪ ቃል ነው፤ በሐኪም ቤት ደግሞ ያው ቃል አካልን የሚጎዳ መጤ ሆኖ እናገኘዋለን። ከዚህም ሌላ ተውሳክ በዓይን የማይታዩትን በሽታ አምጪዎች ጭምር ስለሚያቅፍ፣ ለያዝነው ጉዳይ «ጥገኛ» የሚለውን እንመርጣለን። በአንጀት፣ በጉበት፣ በሳንባና በደም ውስጥ የሚኖረው የውስጥ ጥገኛ፣ እንደ መዥገርና እንደ ቅማል ቆዳ ላይ የሚኖረው የውጭ ጥገኛ ይባላል።

«የጉበት ትል» የተለመደና ቦታውን በትክክል የሚያመለክት ስም ስለ ሆነ መነካት የለበትም። ትሉ ጠፍጣፋ ሲሆን መልኩ ቅጠል ይመስላል። በደጋ የሚገኘው ፋሲዮላ ሄፓቲካ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር፣ በቆላ የሚበዛው ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። እንቁላሉ ከእበት ጋር ወጥቶ በውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም ዕጭ አንዲት ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ በአካሏ ይገባል። በዚያም ተራብቶ አንዱ ዕጭ በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ዕጮችን ያስገኛል። እነዚህ ከቀንድ አውጣዋ ወጥተው ሣር ላይ ይጣበቁና ቅርፊት ለብሰው ከብት እስኪግጣቸው ይጠብቃሉ። በክረምት ቀንድ አውጣዎቹ ከተራቡ በኋላ፣ ሜዳው ሲደርቅና ከብቱ ልምላሜ ፍለጋ ወደ ጨፌና ወደ ረግረግ ዳር ሲወርድ በሽታውን የሚሸምተው በዚህ ምክንያት ነው። የዑደቱን ምስጢር ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርትና እንግሊዛዊው አልጀርኖን ቶማስ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመክር፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ገልጸውታል።

ከብቱ የዋጠው ትንሽ ትል የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ወደ ጉበት ይሻገራል። የጉበቱን ሥጋ እየቦረቦረ ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ከቆየ በኋላ በሐሞት ቱቦ ገብቶ እንቁላል መጣል ይጀምራል። እንግዲህ እየቦረቦረ ባለበት ጊዜ እበቱ ቢመረመር እንቁላል አይገኝም፤ ከብቱ ግን ታሟል። ስለዚህ «ታዳጊ የጉበት ትል» እና «ጎልማሳ የጉበት ትል» ብሎ መለየት ለቃላት ማማር የተደረገ አይደለም፤ ሕክምናው ራሱ የሚጠይቀው ነው።

የጉበት ትል ለሚመደብበት ወገን የጋራ ስም ማውጣቱ ግን አስቸጋሪ ነው። «ቅጠል መሰል ትል» እንዳንል፣ ከወገኑ በጨጓራ የሚኖረው ሾጣጣ፣ በደም ሥር የሚኖረው የቢልሃርዝያ ትል ደግሞ ቀጭንና ረጅም ነው። «ጠፍጣፋ ትል» ብንል የኮሶ ትልም ይገባበታል። እዚህ ላይ ትሬማቶድ የሚለውን ባዕድ ስም ተውሶ መጠቀም፣ የማይገጥም የአማርኛ ስም ከማልበስ ይሻላል ባዮች ነን።

በቄራ ጉበት ሲከፈት ውሃ የቋጠረ ከረጢትም ይታያል። ይህ ኤኪኖኮከስ የተባለው የውሻ ትል ዕጭ ነው። በጉበት ላይ ስለ ታየ ብቻ «የጉበት ትል» ቢሉት ስሕተቱ በስም ብቻ አይቀርም፤ ያን ጉበት የበላ ውሻ ትሉን በአንጀቱ ያሳድጋል፣ እንቁላሉንም በግጦሹና በሰው ደጅ ይበትናል። ሰውም በዚሁ እንቁላል ይያዛል። ጎልማሳው የጉበት ትል ያለበት ጉበት ለውሻ ቢጣል ግን ይህ መዘዝ አይከተልም። «ውሃ አዘል ከረጢት» የሚል የተለየ ስም ቢሰጠው፣ ለውሻ እንዳይጣል ማስጠንቀቁ ይቀላል።

ወደ ኮሶ ስንመጣ አንድ ቃል ሦስት ነገር ተሸክሞ እናገኘዋለን፤ ዛፉ ኮሶ ነው፣ ከአበባው የሚዘጋጀው መራራ መድኃኒት ኮሶ ነው፣ በሽታውም ኮሶ ነው። ስሙ ከዛፉ ወደ በሽታው የተሻገረው በመድኃኒቱ በኩል ይመስለናል። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለዚህ ዛፍ ጽፏል። የትሉ መኖሪያ የሰው አንጀት ሲሆን ርዝመቱ ብዙ ሜትር ይሆናል። በበሬ ሥጋ ውስጥ ያለው ግን ትሉ ሳይሆን የአተር ፍሬ የሚያህል ወይም ከዚያ የሚያንስ ከረጢት ለብሶ የተቀመጠው ዕጩ ነው፤ ሥጋው ጥሬውን ሲበላ ወደ ሰው ያልፋል። ስለዚህ «በሬው ኮሶ አለበት» ማለት ትክክል አይደለም፤ «የኮሶ ትል ዕጭ አለበት» ይባል። ከብት በአንጀቱ የሚሸከመው የራሱ ጥብጣብ ትል አለው፤ ሞኒዚያ ይሉታል፤ ይህ ሥጋ በመብላት ወደ ሰው አይሻገርም። ኮሶ ብንለው ሰዉን ያለ ምክንያት ማስፈራት ነው። ለዚህ ወገን በጠቅላላው «ጥብጣብ ትል» የሚለውን እናቀርባለን።

ከላይ እንደ ታየው ጥገኛው ከአንድ በላይ ማደሪያ አለው። ማደሪያ የሚሆነውን እንስሳ አንዳንዶች «አስተናጋጅ» ይሉታል፤ ቃሉ የምግብ ቤቱን ሠራተኛ ስለሚያስታውሰን አልተመቸንም። «ተሸካሚ» ደግሞ ሳይታመም በሽታ ለሚያስተላልፈው ይሻላል። የመሸበት መንገደኛ «አሳድሩኝ» እንደሚል፣ «አሳዳሪ» የሚለው ለጉዳዩ ይስማማል። ዕጩ የሚያድግበት መሸጋገሪያ አሳዳሪ፣ ትሉ ጎልምሶ እንቁላል የሚጥልበት የመጨረሻ አሳዳሪ ይባል። በጉበት ትል ከብቱ የመጨረሻ፣ ቀንድ አውጣዋ መሸጋገሪያ ናት፤ በኮሶ ትል ግን ሰው የመጨረሻ፣ ከብቱ መሸጋገሪያ ይሆናል።

«ወስፋት» የሚለው ስም በሰው ዘንድ የታወቀ ነው፤ በጥጃ አንጀት ለሚገኘው ለቶክሶካራ ቪቱሎሩምም «የጥጃ ወስፋት» ብንል ያስኬዳል። የዚህ ትል ዕጭ በእናቲቱ ወተት ወደ ጥጃው ስለሚያልፍ፣ መድኃኒቱ ጥጃው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ቢሰጥ ይመከራል።

ስለ መድኃኒቶቹ «ፀረ ትል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ሌቫሚሶልና አይቨርሜክቲን ድቡልቡል ትሎችን ይገድላሉ፤ የጉበት ትልን ግን አይነኩም። ትሪክላቤንዳዞል የጉበት ትልን፣ ታዳጊውን ጭምር፣ ሲያጠፋ ለድቡልቡል ትሎች አይሆንም። አልቤንዳዞል ለሁለቱም ያገለግላል፤ ቢሆንም የጉበት ትልን የሚገድለው መጠኑ ከፍ ሲል ነው፤ ያውም ጎልማሳውን ብቻ። እንግዲህ በአልቤንዳዞል እንክብል ማሸጊያ ላይ ሊጻፍ የሚገባው «ለትል» ሳይሆን «ለድቡልቡል ትሎችና ለጎልማሳ የጉበት ትል፤ ለታዳጊው የጉበት ትል አይሠራም» የሚል ነው።