በረኛው ማንቁርት፦ የጋይንት ዜማ ከየት ይወጣል?

ድጓ ዘልቆ ለማስመስከር የሚሻ ተማሪ መድረሻው ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግም ከጋይንት ሳይርቅ ዙር አምባ ይገባል። ከቆማና ከአጫብር ስልቶች ጋር ከሚጠሩት የድጓ አዜማዎች ይበልጥ የተስፋፋው የቤተልሔሙ ነው። ከእንዲህ ያለ ጉባኤ የወጣ መሪጌታ ሲያዜም የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደንቀው ጉሮሮውን ነው፤ «ድምፅ የታደለ» ይለዋል። የሰውነታችን አሠራር ግን ምስጋናውን ለሌላም እንድናካፍል ያስገድዳል። ድምፅ የሚፈልቅበት ማንቁርት የመጀመሪያ ሥራው ዜማ ቀርቶ ንግግር እንኳ አይደለም፤ የሳንባ በረኛ ነው። ንግግርም ዜማም በዚህ በረኛ ላይ በትምህርት የተደረቡ ተጨማሪ ሥራዎች ናቸው።

ማንቁርት ከአየር ቧንቧ አናት ላይ የተቀመጠ፣ ዘጠኝ ለጋ አጥንቶች በጡንቻና በጅማት ተያይዘው የሠሩት አካል ነው። ትልቁ ለጋ አጥንት በወንዶች አንገት ላይ ጎላ ብሎ ይታያል። ከውስጡ ግራና ቀኝ የድምፅ አውታር የምንላቸው ሁለት እጥፋቶች አሉ፤ ጡንቻ በስስ ሽፋን ተሸፍኖ የተሠሩ ናቸው፤ ርዝመታቸው በአዋቂ ወንድ ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር፣ በሴት ከ12 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ስንተነፍስ ከኋላቸው ይከፈታሉ። ስንውጥ ማንቁርቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ክዳኑ ይደፋል፣ አውታሮቹ ይገጥማሉ፣ ትንፋሽም ለቅጽበት ይቆማል። ጉርሻ ስቶ ትን ሲለን አውታሮቹ ጥርቅም ብለው ይዘጉና የታመቀው አየር ድንገት ሲለቀቅ ሳል ሆኖ ባዕዱን ነገር ያወጣል። እንስራ የምታነሣ ሴትም ሆነች ጆንያ የሚሸከም ወንድ ትንፋሽ ቋጥረው ደረታቸውን የሚያጸኑት በዚሁ መዝጊያ ነው። ድምፁን ያጣ ሰው ይኖራል፤ ይህ ጥበቃ የጎደለው ሰው ግን ምግብና ውኃ ወደ ሳንባው እየገባ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሳንባ ያላቸው ዓሦች እንኳ ቋንቋ ሳይኖራቸው በሳንባቸው መግቢያ ላይ መዝጊያ አላቸው። ጥበቃው ከድምፅ እንደሚቀድም ከዚህ በላይ የሚመሰክር ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ድምፅ የሚፈጠረው ይኸው መዝጊያ በለሆሳስ ሲገጥምና ከሳንባ የሚመጣው ትንፋሽ ሲያርገበግበው ነው። በተራ ንግግር የወንድ አውታር በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለጋ አጥንቶቹን የሚያዘነብለው ጡንቻ አውታሮቹን ሲወጥራቸው ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲያላላቸው ይወፍራል። የጥንቱ በረኛ በቋንቋችን ውስጥ አሁንም ሥራ ላይ መሆኑን ለማወቅ ጣትን ማንቁርት ላይ አሳርፎ «ተ» እና «ጠ»፣ «ከ» እና «ቀ» ማለት ይበቃል። በ«ጠ» እና በ«ቀ» ጊዜ አውታሮቹ ፈጽመው ይዘጋሉ፤ ማንቁርቱም ከፍ ብሎ የታሰረውን አየር ይጨምቀዋል። ለመዋጥና ሸክም ለማንሣት የምንዘጋው በር እዚህ ፊደል ሆኗል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው የሚነገርላቸው የዜማ ምልክቶችም ለዚሁ አካል የተጻፉ ትእዛዞች ናቸው፤ ቅናት ድምፁን ያነሣል፣ ድፋት ያወርዳል፣ ቁርጥ ይገታል።

አፍንጫ ደግሞ ከድምፁ በፊትም በኋላም ይሠራል። በጋይንት አካባቢ የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ነፋስ መውጫ ከተማም ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። ወደ ስማዳ ቆላ ሲወረድ ሙቀቱና አቧራው ይበረታል። አውታሮች ካልረጠቡ ደግሞ በደንብ አይርገበገቡም። በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ፣ በጎን ግድግዳው ላይ፣ በደም ሥር የተሞሉ ሦስት ጥቅል አጥንቶች አሉ፤ አየሩን ያሞቁታል፣ ያረጥቡታል፤ ፀጉሩና ንፍጡ አቧራውን ያስቀሩታል። ድምፁ ከተፈጠረ በኋላ ለስላሳው ላንቃ ከነእንጥሉ ወደ ላይ ተነሥቶ የአፍንጫውን መንገድ ለአብዛኞቹ ፊደሎች ይዘጋል፤ ለ«ም»፣ ለ«ን» እና ለ«ኝ» ይከፍታል። አፍንጫውን ይዞ «ማን» የሚል ሰው ወደ «ባድ» የቀረበ ነገር ይሰማል። ስለዚህ ጉንፋን የያዘውን ሰው «በአፍንጫው ይናገራል» ማለታችን የተገላቢጦሽ ነው፤ ችግሩ በአፍንጫው መናገር አለመቻሉ ነው። «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ሕፃን የማስቆረጥ ልማድም ከአሠራሩ ጋር ይጋጫል፤ እንጥል የሚያብጠው ጉሮሮ ስለታመመ ነው እንጂ ሕመሙን ስላመጣ አይደለም። መቁረጡ ለመድማትና ለቁስል መመረዝ ይዳርጋል።

«ታዲያ አንዱ ድምፀ መረዋ፣ ሌላው ሻካራ የሚሆነው ለምንድን ነው?» የሚል ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። የአውታሩ ርዝመትና ውፍረት፣ የአፍና የአፍንጫው ቅርጽ በእርግጥ ከቤተሰብ ይወረሳል። ነገር ግን በልጅነቱ ጉባኤ የገባን ተማሪ እናስብ። ሲጎረምስ ማንቁርቱ ያድጋል፣ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ የንዝረቱም ብዛት በግማሽ ግድም ይቀንሳል። ትናንት ያዜመበት መሣሪያ ዛሬ ሌላ ነው፤ ያጠናው ድጓ ግን አይጠፋም፣ በወፈረው ድምፅ ይቀጥላል። ዜማው ማንቁርቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አብሮ በተለወጠ ነበር። የሚኖረው አእምሮ ውስጥ፣ በለመደ ጆሮና በተገራ ትንፋሽ ነው። ሌላ ተከራካሪ ደግሞ «የሰው ማንቁርት ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ለትንታ የሚያጋልጥ ይህ አቀማመጥ ለንግግር ሲባል ካልሆነ ለምን መጣ?» ይላል። ይሁን እንጂ የማይናገረው ወንዱ ቀይ አጋዘንም ማንቁርቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲያገሳም ይበልጥ ይወርዳል። ዝቅ ማለቱ ለንግግር ረድቶን ይሆናል፤ ብቻውን ግን የማንቁርት ዓላማ ንግግር ነው አያሰኝም።

ይህን መቀበል ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛው ጥንቃቄ ነው፦ ድምፅን መጠበቅ ማለት ትንፋሽን መጠበቅ ነው። ውኃ መጠጣት፣ በአፍንጫ መተንፈስ፣ ከጭስ መራቅ፣ አውታሮቹን የሚያጋጨውን «እህ እህ» መቀነስ ይጠቅማል። ከአራት ሳምንት ያለፈ የድምፅ መጎርነን ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሁለተኛው ለጉባኤ ቤቶች የምንሰጠው ግምት ነው። ማንቁርት ያለው ሰው በየትኛውም አገር ሞልቷል፤ ጋይንትን የለየው ይህን በረኛ ለዜማ የሚገሩ መምህራን በየዘመኑ መኖራቸው ነው። ስለዚህ «ጥሩ ድምፅ ያለው ልጅ አይጠፋም» ብሎ የመምህራኑን ወንበር ችላ ማለት፣ ያለውን ነገር ጠብቆ የሚጠፋውን መተው ይሆናል።